በስሜ የተመዘገበው ጂራቱቦ

የእጅ ፓምፕ ቴክኒሻን ሆኜ ፍኖተ ሰላም ውሃ ጽሕፈት ቤት በገባሁበት ቀን መጀመሪያ ያገናኙኝ ከኃላፊው ጋር ሳይሆን ከንብረት ክፍሉ ከአቶ ጥሩነህ ጋር ነበር። አንድ ሳጥን አስረከቡኝ፤ መፍቻዎች፣ የብረት መጋዝ፣ ቅባትና ጂራቱቦ። ጂራቱቦ ቧንቧ አንቆ የሚይዘው ትልቁ መፍቻ ነው። እጀታው ላይ ቁጥር ተመትቶበታል። ካርድ ላይ አስፈርመውኝ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቁጥር ስምህ ነው» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ሥራችን በማንኩሳ ዙሪያ ያለውን ገጠር መዞር ነበር። ፓምፕ ቆመ ሲባል በሞተር ብስክሌት እንሄዳለን፤ የፓምፑን ዘንግ አውጥተን ያለቀውን የውሃ መሳቢያ ጎማ ቀይረን እንመልሳለን። ከግማሽ ቀን አያልፍም። ሰዉ ግን እኛን ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት የወንዝ ውሃ ይጠጣል። ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር።

በአንዲት መንደር የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ እትዬ እናኑ ይባላሉ። ስሠራ አጠገቤ ቆመው አይተው ጎማ መቀየሩን ተማሩ። አንድ ቀን «ልጄ፣ እጁስ አለን። የጠፋን ብረቱ ነው» አሉኝ። ጂራቱቦውን ትቼላቸው መጣሁ። አላስፈረምኋቸውም። ከዚያ በኋላ የባልደረባዬን እየተዋስሁ አራት ዓመት ሠራሁ፤ ያቺ መንደር አንድም ቀን አልጠራችንም።

ትዳር ያዝሁ። በማኅበር ተደራጅተን ከማዘጋጃ ቤት የቤት መሥሪያ ቦታ ተመራን። በተሰጠን ጊዜ ግንባታ ካልጀመርን ቦታው ይመክናል፤ ይወሰድብናል ማለት ነው። በነበረኝ ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም። ቡሬ አንድ ፋብሪካ የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዜ ካደገ ባንክ ያበድረኛል ብዬ ነው። ስጣደፍ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ሳልጨርስ ሄድሁ።

የባንኩ የብድር ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ሰነዴን አገላብጣ «እዚህ ሥራ ከገቡ ስንት ጊዜዎ ነው?» አለችኝ።

«ሦስት ወር።»

«ደመወዝዎ ጥሩ ነው። ሦስት ወር ግን ለቤት ብድር አያስተማምንም። ከቀድሞው መሥሪያ ቤትዎ የሥራ ልምድ ያምጡ። ሥራዎ ሳይቋረጥ መቀጠሉን ካየን ጥያቄዎን እንቀበላለን።»

ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ። የሥራ ልምድ የሚጻፈው ንብረቱን ላስረከበ ነው። አቶ ጥሩነህ ካርዴን አወጡ።

«ጂራቱቦው የታለ?»

«አዲስ ገዝቼ ልተካ፣ ጋሼ።»

«አዲሱ ይህ ቁጥር የለውም» ብለው ካርዱን ዘጉት። ቦታችን ሊመክን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ጂራቱቦውን ላስመልስ ቆርጬ ወጣሁ። ስደርስ እትዬ እናኑ ከሁለት ሴቶች ጋር ዘንግ አውጥተው ጎማ እየቀየሩ ነው። ጂራቱቦው ዝገት የሚባል አልነካውም። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እትዬ እናኑ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ብረቱን በጨርቅ ወልውለው ዘረጉልኝ።

«እንካ። ያንተን ቤት አስቀርተን ውሃ አንጠጣም።»

አፈርሁ፤ ግን ተቀበልሁ። ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ ደረሱብኝ። የኮሚቴውን ማኅተም በመሐረብ ቋጥረዋል። «እኔም እሄዳለሁ። ሰውየው የሚሻው ቁጥሯን አይዶል? ይያት፤ ከዚያ ከኔ ጋር ትመለሳለች» አሉ።

እትዬ እናኑ ጂራቱቦውን በአቶ ጥሩነህ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና «ከሱ ስም አውርዱና በኮሚቴው ስም ጻፉልን» አሏቸው።

«እናቴ፣ ለውሃ ኮሚቴ መሣሪያ የምናስረክብበት ቅጽ የለንም።»

«እንግዲያው ቅጹ እስኪገኝ እጠብቃለሁ» አሉና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ቆምሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አቶ ጥሩነህ ሁለት ጊዜ ወጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ይቅርታ ጠይቀው ተሻግረዋቸው አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን የነበረው ሰው መጣና ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ። ነገርሁት። እንደሚቆጣኝ አውቄ ነበር፤ ተቆጣኝም። «የመንግሥት ንብረት እንደ ድግር ለጎረቤት ይዋሳል?» አለ። ከዚያ የእትዬ እናኑን እጅ አየ፤ ቅባቱ ገና አልለቀቀም። «ያቺ መንደር ለምን እንደማትጠራን አሁን ገባኝ» ብሎ የርክክብ ደብዳቤ አስጻፈ።

እትዬ እናኑ ስለ ኮሚቴው ፈርመው ማኅተማቸውን አሳረፉ። አቶ ጥሩነህ የእጀታውን ቁጥር ሁለቴ አመሳክረው ካርዴን በቀይ ሰረዙት። መልቀቂያዬን ሲሰጡኝ «በል፣ ስምህን መልሼልሃለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ሳቁ።

የሥራ ልምዱን አስጽፌ ባንክ አስገባሁ፤ ብድሩ ተፈቀደ። ቀኑ ሳያልፍ መሠረታችን ተቆፈረ።

ቤቱ ሲመረቅ እትዬ እናኑ መጡ። የግቢው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። የፓምፕ ባለሙያ ቤት እንዲህ መሆኑ ደንቋቸው ከቅርጫታቸው ጂራቱቦውን አወጡና አጠበቁት። ባለቤቴ «እዚሁ ቢቀርልንስ?» ብላ ቀለደች። «በስሜ ነው» ብለው ጠቀለሉት።

ለወጣት ቴክኒሻኖች የምለው ይህን ነው። መሣሪያ ለመንደር ትታችሁ ስትመጡ በዚያው ቀን አስፈርሙ። ማስፈረም ባትችሉም ትታችሁ ኑ።