የመምህርት ብርቄ ሰንጠረዥ

መምህርት ብርቄ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ነቀምቴ ስትመጣ ሁለት ዓመት ሠርታ ልትዛወር ነበር። ግን አሥራ ሰባት ዓመት ቆየች። በከተማዋ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምር ነበር። አፋን ኦሮሞ የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ተማሪዎቿ አነጋገሯን እየሰሙ ይስቁ ነበር፤ እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት ግን የሚስቅ አልነበረም። ሰኞ ዕለት ሱቅ ዝጉ የሚል፣ ማን እንደጻፈው ያልታወቀ ወረቀት ተበተነና ሱቆች ሳይከፈቱ ዋሉ። ባጃጅ እንኳ አልነበረም። ማክሰኞ የተዘጉት ሱቆች ታሸጉ፤ ከባለቤቶቹም የተወሰዱ ነበሩ።

ረቡዕ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የትምህርት ተራ የሕንድ የነጻነት ትግል ሆነ። ብርቄ ልትዘለው አስባ ነበር፤ ግን መዝለሉም ያስጠረጥራል ብላ ሐሳቧን ተወች። ሰሌዳውን እንደ ሰንጠረዥ በሦስት ከፈለችው። በአንዱ የእንግሊዝን ጨርቅ፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት እምቢ ያሉበትን፤ በሁለተኛው ጨው ለማንሳት ወደ ባሕር የተጓዙበትን፤ በሦስተኛው «ከአገራችን ውጡ» ያሉበትን ጻፈች።

የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ቦንቱ እጇን አወጣች። የአባቷ ሱቅ ከታሸጉት አንዱ ነው።

«ቲቸር፣ ሰልፍ የወጣ ይታያል፤ ይመታል። ሱቁን ዘግቶ ቤቱ የተቀመጠውን በምን ይይዙታል? የትኛው ይሻላል ታዲያ?»

ብርቄ እንደ ልማዷ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው።

«እምቢታው ረጅም ነው፤ ቀድሞ የሚራበው የቀን ሠራተኛው ነው» አለች። «ጨው የማይበላ ስለሌለ በሁለተኛው አሮጊት እንኳ መግባት ትችል ነበር፤ ግን ዱላ ሲያርፍባቸው እጃቸውን ሳያነሱ ተደበደቡ። በሦስተኛው መሪዎቹ ወዲያው ታሰሩ፤ መሪ ያጣው ሕዝብ ሐዲድ ነቀለ፤ መልሱ ጥይት ሆነ። እናንተ በእያንዳንዱ ማን እንደተጎዳ ጻፉ።»

ከቀትር በኋላ የሰሌዳው ፎቶ ቴሌግራም ላይ ወጣ። «አድማ የምታስተምር መምህርት» ይላል። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ገላና ቢሮ ጠርቷት በሩን ዘጋ።

«አዴ ብርቄ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይፈልጉሻል።»

«እነማን?»

«አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።»

ቤቷ ገብታ የትምህርት ማስታወሻዎቿን ሰበሰበች። እንዳታቃጥል ጭሱን ጎረቤት ያያል። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዘፍዝፋ እንደ ሊጥ አቦካቻቸው፤ እጇ በቀለሙ ሰማያዊ ሆነ። አንድ ነገር ብትሆን የሚጮህላት ማን ነው? እዚህ የሸዋ ሰው ናት፤ ሸዋ ደግሞ የወለጋዋ እያሉ ነው የሚጠሯት።

በማግስቱ በተጠራችበት ቢሮ የጠበቃት ሰው ትሑት ነበር። ወንበር ሰጣት፤ ፎቶውንም አሳያት።

«የጠየቀውን ተማሪ ስም ንገሪኝና ወደ ሥራሽ ተመለሺ።»

«ስሟ ምላሴ ላይ ነበር» ብላለች በኋላ ስታወራ። «ጥያቄውን አንዴ ቢደግመው እነግረው ነበር።» አልደገመም፤ ስልኩ ጠራና ወጣ። ሲመለስ ቀድማ ተናገረች።

«ጽሕፈቱ የኔ ነው። ጥያቄውም የኔ ነው።»

«ተማሪ አልጠየቀም?»

«አልጠየቀም።»

እስከ አሥር ሰዓት ኮሪደር ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ሳታነብ አንድ ወረቀት ላይ ፈረመች። በሳምንቱ ከታሪክ ተነሥታ አኖ ወደምትባል ከተማ ሄዳ ጂኦግራፊ እንድታስተምር ደብዳቤ ደረሳት።

በምትሄድበት ቀን ቦንቱ መናኸሪያ ድረስ መጣች። ማን እንደነገራት አይታወቅም።

«ባርሲስቱ፣ ሂንሶዳቲን» አለቻት፤ መምህርት፣ አትፍሪ ማለቷ ነው።

«እፈራለሁ እንጂ» አለች ብርቄ። «አንቺም ፍሪ። አሁን ሂጂ፣ ሰው እያየን ነው።»

አኖ ውስጥ ስለ ወንዞችና ስለ ዝናብ ታስተምራለች። ተማሪ እጁን ሲያወጣ ጥያቄውን ገና ሳትሰማ ትፈራለች። ቢሆንም እስካሁን «ተናገር» ሳትል የቀረችበት ቀን የለም።