ያልቆረጥሁት ምንቃር

የዶሮ ምንቃር ቆረጥህ ተብዬ ተገርፌአለሁ፤ ከትምህርት ቤትም ቀርቻለሁ። አልቆረጥሁም።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ናዝሬት አጎቴ ቤት ነበር የምኖረው። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። ያን ክረምት የሰፈራችን ልጆች ሁሉ የሽቦ መኪና እንሠራ ነበር፤ እኔም የአጎቴን ፒንሳ ወስጄ ሽቦ ስቆርጥ እውላለሁ። የዝገቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። መስከረም ሲጠባ አንደኛ ክፍል ልገባ ነው፤ ደብተሬ ተገዝቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ምሽት አጎቴ ከመንግሥት ዶሮ እርባታ የወጣች ነጭ የፈረንጅ ዶሮ በጆንያ ይዞ መጣ። ጨልሞ ስለ ነበር ሳያያት አስገባት። ጠዋት ሲያያት የላይኛው ምንቃሯ ግማሹ የለም፤ የታችኛው እንደ ማንኪያ ወጥቶ ቀርቷል። ፒንሳው እኔ እጅ ላይ ነበር። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

"ሰው ሁሉ ይየው" ብሎ ጎረቤት ጠርቶ በቀበቶ ገረፈኝ። ሚስቱ እትዬ አስካለ ዶሮዋን አገላብጠው አዩና፣ "ኧረ ይሄ የቆየ ነው፤ ዛሬ ቢቆረጥ ደም አይኖረውም?" አሉ።

"አንቺ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽለት" አላቸው። "ዶሮ ላይ እንዲህ ያደረገ ተምሮ ምን ሊሆን ነው?"

ደብተሬን ለሌላ ሰው ልጅ ሰጠ፤ እኔን ወፍጮ ቤት ጆንያ እንድሸከም አስገባኝ። የሰፈር ልጆች ሳልፍ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ "ምንቃራችሁን ደብቁ፣ መጣ" ይሉ ነበር።

ዶሮዋን የማበላት ግን እኔው ነበርሁ። መሬት ላይ የተበተነ ስንዴ ስትለቅም ያመልጣታል፤ እህል ላይ ቆማ ትራባለች። ፉርሽካ በውኃ ለውሼ በጥልቅ ጣሳ ስሰጣት ነው የምትጠግበው። እየቆየ የላይኛው ማደግ ጀመረ፣ ጠማማ ሆኖ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ግራሩ ላይ ያሉት ወፎች በልተው ሲጨርሱ ምንቃራቸውን ቅርንጫፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሞርዱታል፤ የሚያድገውን በዚያ ልኩን ያስይዙታል። የእኛዋም ድንጋይ ላይ ትሞክር ነበር። ላይና ታቹ ስለማይገጥም ግን የታችኛው ዝም ብሎ ይረዝማል።

ወፍጮ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አዴ ጫልቱ የሚባሉ የዶሮ እርባታው ሠራተኛ እህል ሊያስፈጩ መጡ። የደረሰብኝን ስነግራቸው ሳቁ።

"ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ሁሉንም እኮ ነው የምንቆርጠው፤ በጫጩትነታቸው፣ በጋለ ብረት። ታጉረው ሲያድጉ እርስ በርስ ይበላላሉ።"

እጃቸውን ይዤ አጎቴ ዘንድ ወሰድኋቸው። ደግመው ነገሩት። ሰማ። "እዚያ የእንቁላል ዋጋ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ትምህርት ቤቱስ ስለው፣ "አሁንማ ሥራ ለምደሃል" አለኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ጢም አውጥቼ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከሽማግሌዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ልጆቼ ምንቃሯ የተቆረጠ ዶሮ ሲያዩ "የእርባታ ናት" ብለው ያልፋሉ። አጎቴ አለማወቁ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ካወቀ በኋላ ነው የበደለኝ።

የመጨረሻ ልጁን ሲድር ሽማግሌ ልኮ ጠራኝ። "ስገረፍ ያዩት ጎረቤቶች ፊት እውነቱን ይናገር፤ ያለዚያ አልመጣም" አልሁ። ዳሱ ውስጥ፣ ሰው ምግቡን እንደያዘ፣ አጎቴ ተነሥቶ ቆመ። "የዶሮዋን ምንቃር የቆረጠው እሱ አልነበረም። አውቄ ነው ዝም ያልሁት" ብሎ ተቀመጠ። ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. ነበር።