«ቤካ» ያለችው ልጅ

አዲሱ የሳይንስ አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ ጎባ የመጣ ወጣት ነበር። ልጅ አይመታም። በዚያ በደርግ ጊዜ አለንጋ የማይዝ አስተማሪ ብርቅ ነው፤ ወላጆቻችን ራሳቸው «ዓይኗን ብቻ ተውልኝ እንጂ ግረፍልኝ» ብለው ነበር የሚያስረክቡን። እሱ ግን ላጠፋ ሁሉ አንድ ቅጣት ብቻ ነበረው፦ «ወላጅ ይዘሽ ነይ።» ዱላ በስንት ጣዕሙ!

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከዲንሾ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት የተጠጋች ነበረች። ጭንቅላቷ ሌላ ነው፤ አማርኛዋ ግን ገና ነበር። አባቷ ትምህርት ቤት የላኳት ከዘመድ ተጣልተው ነው። «ሴት ልጅ ለከተማ ሰጠ» እያሉ ቁም ስቅላቸውን ያሳዩዋቸው ነበር። ስለዚህ አባቷ አንድ ክስ ከሰሙ መልሰው እንደሚወስዷት ቁርጡን ነግረዋታል። እንዴት እንደምፈራላት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ጠዋት መምህሩ የፈላ ውሃ እንፋሎት የት እንደሚገባ ጠየቀን። ሁላችንም አቀረቀርን። እሷ ብቻ እጇን አውጥታ ብድግ አለችና «ቤካ! ቤካ!» አለች። በኦሮምኛ «አውቃለሁ» ማለቷ ነው። እሱ የሰማው ግን «በቃ! በቃ!» ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። «መምህር፣ ተሳስተዋል» የሚል ተማሪ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለደም፤ እኔም አላረምኩትም። «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አላት።

አክስቷ ልካባቸው በሦስተኛው ቀን አባቷ በፈረስ መጡ። ጋቢያቸው በጭቃ እንደተረጨ ክፍላችን ገቡ። መምህሩ ከወንበሩ ተነስቶ «ይቀመጡ፣ አባቴ» አላቸው፤ እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ። አማርኛ ስለማይሰሙ እንዳስተረጉም እኔን ጠራኝ።

«ጥያቄ ስጠይቅ ‹በቃ› ብላ ታቋርጠኛለች በያቸው» አለኝ።

ወደ ጓደኛዬ ዞር ስል ደብተሮቿን ሰብስባ ይዛለች። «ቲቸር፣ ‹በቃ› አላለችም። ‹ቤካ› ነው ያለችው። አውቃለሁ ማለት ነው» አልኩት።

መምህሩ ወደ እሷ ዞረ። «መልሱን ታውቂው ነበር?» ሲላት በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። እንደገና ወደ እኔ ዞረ። «‹አላውቅም› በኦሮምኛ ምን ይባላል?»

«ሂን ቤኩ።»

እዚያው በተማሪው ሁሉ ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለገበሬው ዝቅ አለና «አባቴ፣ ሂን ቤኩ» አላቸው። ቃሉን ሰባብሮት ነበር፤ አንድም ሰው ግን አልሳቀም። አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምተን አናውቅማ።

እኔ የሆነውን ሁሉ ለአባቷ ነገርኳቸው። አተኩረው አዩት። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ይዘዋት ሊወጡ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወደ ዴስካችን ወሰዷት፣ አስቀመጧት፣ ደብተሮቿንም ፊቷ አደረጉላት። ወደ መምህሩ ዞረውም «ሃ በረቱ» አሉ። ትማር ማለታቸው ነው።

መምህሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «በርቱ ነው ያሉኝ?»

«አዎ» አልኩት እያለቀስኩ።