ሐይቅን አልሰጥም

ከጅዳ የተመለስኩት አባቴን ስትሮክ ሲጥለው ነው። ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን ስገባ ዓይኑ አወቀኝ፤ ምላሱ ግን ስሜን ማውጣት አቃተው። ዕድሜውን ሙሉ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ፣ ጨዋታና ጫጫታ የሚወድ ሰው «እ... እ...» እያለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መረቡን ሲያይ ይውላል።

ደሴ ያየው ሐኪም «ዝም ብሎ አይዋል። ጠይቁት፣ ይመልስ፤ አእምሮውን አሠሩት» አለን። እኔም ሥራ አገኘሁ ብዬ ስልኬ ላይ ቁጥር ማዛመጃና ሥዕል መፈለጊያ ጨዋታ ጫንኩለት። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ አየውና አልጋው ላይ በፊቱ ደፋው። ያኔ ነው እንቆቅልሽ ትዝ ያለኝ። ልጆች ሳለን ከመግሪብ በኋላ እሱን የሚረታ አልነበረም።

ቀላል ቀላሉን እየመረጥኩ በየምሽቱ እጠይቀው ጀመር። በጨዋታው ደንብ መልስ ያጣ ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠው አገር ገብቶ ይፎክርበታል። እኔ ግን ከታመመ አባቴ አገር መቀበል አላስችል አለኝ። ዝም ሲል መልሱን ራሴ እነግረውና «አብሽር አባዬ፣ ነገ ታውቀዋለህ» እለዋለሁ። እሱ ፊቱን ያዞርብኛል። ወራት እንዲህ ሄዱ። ሊጠይቁት የሚመጡት ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው እንደሌለ ሰው ሲያወሩበት ደሜ ይፈላ ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር የእኔም ተስፋ እያለቀ ነበር።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ከውጫሌ መጣች። አክስቴ ምላሰኛ ናት፤ ልጅነታቸውን በእንቆቅልሽ ሲጣሉ ነው የጨረሱት። ገና ከመቀመጧ «እንቆቅልህ!» አለችው።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ምን... አውቅልሽ።»

«ከውሃ ተወልዶ፣ ውሃ ሲነካው የሚሞት?»

ዓይኑን ወደ መረቡ መለሰ። መልሱን ልነግረው አፌን ስከፍት አክስቴ ገላመጠችኝ። «አንቺን የጠየቀሽ የለም! አንተ፣ አላወቅህም? አገር ስጠኝ!»

አባቴ በላብ ተጠመቀ። «አ... አዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባ ምን ያደርግልኛል? አልፈልግም።»

«ደሴ...»

«ደሴንም አልፈልግም። ሐይቅን ስጠኝ! ከነውሃው፣ ከነዓሣው!»

ምን ዓይነት ጨካኝ ናት ብዬ ልጮህባት ስነሳ፣ አባቴ በደህናው እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ቀና አለ።

«ሐይቅን አልሰጥም!» አለ፣ ጥርት አድርጎ። ቀጥሎም «ጨው! ጨው ነው!»

አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ለካ ለአባቴ የጎደለው መድኃኒት ሳይሆን የሚፎካከረው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ አልራራሁለትም። ባቲን ወሰድኩበት፣ ኮምቦልቻን ወሰድኩበት፣ እላዩ ላይ ፎከርኩበት። እሱም በንዴት እየተሳለ አንድ በአንድ አስመለሳቸው። ትናንት ምሽት ጭራሽ ጠያቂው እሱ ሆነ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«መስኮቱ ብዙ፣ በር የለው። ውሃው ይወጣል፣ እንግዳው ይቀራል።»

አሰብኩ፣ አሰብኩ። ወላሂ ጠፋኝ። «በቃ፣ ጅዳን ውሰድ» አልኩት።

«ጅዳን አልፈልግም» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት ዓመት አንቺን የወሰደብኝ አገር ነው። ሐይቅን ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ደረቱን ነፋ።

«ሐይቅ ገብቼ ምን አጥቼ! ዓሣው በእጄ፣ ውሃው በደጄ፣ ልጄም ከጎኔ! መልሱ ግን ከኋላዋ!»

ዞር ስል ግድግዳው ላይ መረቡ ተሰቅሏል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኜ መረብ ጠፋኝ! እፍረቴን በሳቅ ልሸፍን ስል፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጠርቶ «ሌላ ልጨምርልሽ?» አለኝ።