ጣሪያው ደረቅ፣ ፍራሹ እርጥብ

ትዳሬን የመሠረትኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው ስል፣ ሰው ከሚስቴ ጋር መንገድ ላይ የተዋወቅን ይመስለዋል። የለም! ቤታችን ራሱ አውቶቡስ ነበር። ሞተሩ የተነቀለ፣ ኢንጅባራ ከምሠራበት የብረታ ብረት ቤት ጀርባ የቆመ አሮጌ አውቶቡስ። እኔ በርና መስኮት በያጅ ነኝና የተሳፋሪ ወንበሮቹን ነቅዬ፣ ወለሉን ጣውላ አልብሼ ቤት አደረግሁት። ሚስቴ ሙሽራ ሆና የገባች ቀን በሩ ላይ ቆማ «ወራጅ አለ!» ብላ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ስታረግዝ ግን ጠበበን። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የውጭ አገር ሰዎች የሚኖሩበትን መኪና አየሁ። ቁልፍ ሲጫኑ የመኪናው ጎን እንደ መሳቢያ ተስቦ ይወጣና ክፍል ይሆናል። ወይ ጉድ! እንቅልፍ አጣሁ። ለግቢ ተንሸራታች በር የምንሠራበት ሐዲድና ኩሽኔታ እጄ ላይ አለ፤ ምን ጎደለኝ? የአውቶቡሱን አንድ ጎን ቆርጬ አልጋ የሚይዝ ክፍል ሠራሁ። ሲገፉት ይወጣል፣ ሲጎትቱት ይገባል። ዳር ዳሩን ውሃ እንዳያስገባ የጎማ ጥብጣብ አዞርኩበት። አውቶቡሱ የትም ስለማይሄድ ክፍሉ መልሶ መግባቱ ለምን እንደሚጠቅም እስካሁን አላውቅም። ግን ደስ ይላላ! መንገደኛው ሁሉ «እስቲ አንዴ ግፋው» ይለኛል፤ እኔም እገፋለሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የኢንጅባራ ዝናብ አንዴ ከጀመረ እረፍት አያውቅም። ፍራሹ ራሰ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሲሊኮን አጠጣሁት፤ በማግስቱም ራሰ። ላስቲክ ደረብኩበት፣ ሬንጅ ቀባሁት፤ አሁንም ራሰ። ጣሪያውን ከውስጥ በመዳፌ ስዳብሰው ግን አንዲት ጠብታ የለችበትም። ጣሪያው ደረቅ፣ ፍራሹ እርጥብ! ላብድ ደረስኩ።

በዚህ መሀል አማቴ ከዳንግላ ገጠር መጡ። በአገራችን ሴት ልጅ የበኩር ልጇን ወልዳ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። ሚስቴ ግን «ከእሱ አልለይም» ብላ አስቸግራለች። አማቴ ጥላቸውን አጥፈው ገቡ፣ ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን አደረጉ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን አሳ አደረግሃት እንዴ?»

«እማማ፣ እየሠራሁት ነው።»

«እስከ ቅዳሜ እዚሁ እቆያለሁ። ቅዳሜ ይህ ፍራሽ ከረጠበ ልጄን ይዣት እሄዳለሁ። አንተ ለክርስትናው ትመጣለህ።»

ለክርስትናው! ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ልጄን ሰማንያ ቀን ሳላይ? ሚስቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሐሙስ ጠዋት እንደገና ሲሊኮኔን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አማቴ ከታች ጥላቸውን ዘርግተው ብዙ ካዩኝ በኋላ «ውረድ!» አሉ። «ቂጡ ለሚያፈስ ድስት ክዳኑን ትደፍናለህ?»

ወረድኩ። ከሰል አስቀጣጠሉኝ። ሚስቴን ጎረቤት ላኳት። ለአራስ ቤት ካመጡት ስንቅ አንድ እፍኝ ዛላ በርበሬ አወጡ፣ መስኮቱን ሁሉ አዘጉኝ፣ በርበሬውን ፍሙ ላይ በተኑና እየሳሉ ወጥተው በሩን ዘጉ።

«እኛ አይጥ የበሳውን ጎተራ የምናገኘው እንዲህ ነው። ዙርና በአፍንጫህ ፈልግ።»

አቤት የዚያን ቀን! ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም ተጨመሩና ሦስት ጎልማሳ ሰዎች አፍንጫችንን ቆርቆሮ ላይ ለጥፈን አውቶቡስ እያሸተትን ዞርን። ጣሪያውን አሸተትኩ፤ ምንም። ጎኑን አሸተትኩ፤ ምንም። ከኋላ በኩል ታችኛዋ ማዕዘን ጋ ጎንበስ ስል ግን ጉሮሮዬ ተያዘ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፤ እጥሽ! እጥሽ! እጥሽ!

«ይማርህ!» አሉ አማቴ በደስታ። «እዚያው ነው!»

ጎንበስ ብለን አየን። ጎማው አንድ ክንድ ያህል የለም። የቀረውም ጥርስ በጥርስ ሆኗል። ውሃው በጎን ወርዶ በዚያች ክፍተት ከወለሉ ሥር እየገባ፣ ፍራሹን ከታች ሲያጠጣው ኖሯል።

«ይህን ምን በላው?» አሉ አማቴ።

ለካስ ጥፋቱ የራሴው ነው! አባቴ ዳንግላ ጋሪ ነጂ ነበር። የፈረሱ ጠፍር እንዳይሰነጠቅ በየሳምንቱ ሞራ ይቀባው ነበር። እኔም ጠፍር ምን ጎማ ምን ብዬ፣ ያን ሁሉ ጎማ የበግ ሞራ ለቅልቄዋለሁ። የሰፈሩ ውሾች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ከደጃችን ጠፍተው አያውቁም። እኔ ሞኙ «ቤታችንን ሊጠብቁ ነው የሚመጡት» እያልኩ ሚስቴ ላይ ስኩራራ!

ይህን ስናዘዝ አማቴ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። አዊኛ የሚያውቀው ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ተርጉምልኝ ብለው፣ ብለምነው፣ በእናትህ ብለው እምቢ አለ።

አዲስ ጎማ አስገባሁ፤ በእግዜር ስም ምንም አልቀባሁትም። ከላይ አሸንዳ በየድኩለት፤ ውሃው ወደ እኛ እንዳይመጣ ክፍሉን በአንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ዘመም አደረግሁት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። አማቴ ማንንም አላመኑም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ራሳቸው ፍራሹ ላይ ተጋደሙ። እኔና ሚስቴ ተያይዘን ቆመን እንጠብቃለን። ቆርቆሮው እየተደበደበ እርስ በርስ አንሰማማም። ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ድምፅ ሰማን። አማቴ ያንኮራፋሉ!

ሲነሡ ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን አደረጉ፣ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ደረቅ ነው» አሉ። «አልወስዳትም።»

ሚስቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እልል አልኩ፣ ወንድ ልጅ እልል!

«እኔም አልሄድም» አሉ አማቴ ቀጥለው። «እኔና ልጄ እዚህ፣ አንተ ጋቢና።»

ሚስቴ ሆስፒታል ወለደችና ልጃችንን በባጃጅ ይዘናት ገባን። ሴት ናት። ሰማንያ ቀን ማለት ነው! የሹፌሩ ወንበር ላይ ተጣጥፌ፣ ካምቢዮው ጎኔን እየወጋኝ ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት ከኋላ ስታለቅስ ስሰማ ግን መሪውን ይዤ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ አማቴ «አንተ ልጅ! ፍራሹ ራሰ!» ብለው ጮኹ።

በባዶ እግሬ ሲሊኮኔን ይዤ ወጣሁ። ማዕዘኗ ጋ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ጎማውን ዳበስኩ፤ ደህና ነው። አሸንዳውን አየሁ፤ ደህና ነው። ዞርኩ፣ አሸተትኩ፣ ውሃ በጀርባዬ ገብቶ በሱሪዬ ወጣ።

«እማማ፣ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

መስኮቱ ተከፈተ። አማቴ ልጄን እርቃኗን ከፍ አድርገው ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። ከኋላቸው ሚስቴ ትራስ ነክሳለች።

«በዚች በኩል ነው! በል ድፈናት!»

ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

«ና ግባ» አሉኝ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እጅህን ታጠብና ያዛት። ዳንግላ ወስጃት ቢሆን ይህን መች ታይ ነበር?»

ገባሁ። ታጠብኩ። ያዝኳት። እኔንም አረጠበችኝ።