የደቅ ጀልባ ትኬት መስኮት

ለደቅ ደሴት ጀልባ ለመንገደኛ ትኬት ስቆርጥ የኖርሁባት ቆርቆሮ ቤት ዛሬም ጣና ዳር ቆማለች። ሞተር ጀልባዎቹ መንገደኛውን ከወሰዱት ወዲህ ትልቁ ጀልባ ቀረ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። አሁን ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባታል። ጉድ እኮ ነው! እኛ በሙቀት የተቀቀልንባት ቤት "ታሪካዊ" ተባለችና ባለፈው ሳምንት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ደብተር ይዞ መጣ፤ ታሪኳን ይንገሩኝ አለ። አንድ መስኮት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ደወል፤ ሌላ ምን ታሪክ አላት? አልሁት። ይህንን ግን አልነገርሁትም።

አንድ ጠዋት ከደቅ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ሦስት የመመለሻ ትኬት ጠየቁኝ። ሦስተኛው የማን ነው ስላቸው አንደኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። እዚህ ባሕር ዳር ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት የደቅ ልጅ አለች፤ እናቷ ሞተው ተቀብረዋል። ልጅቷን የጠሯት ግን ለመሬት ጉዳይ ፊርማሽ ይፈለጋል ብለው ነው። በእኛ አገር ሰው የሚረዳው ቤቱ ደርሶ፣ ዘመድ ከቦት ነው፤ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ወሬው አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሁሉ በአንድ አፍታ ደረሰ። ሆድ ይፍጀው ብለን ዝም አልን።

ልጅቷ እየሳቀች መጣች። ለማንም ወንበር ለቆ የማያውቅ አንድ ነጋዴ ብድግ ብሎ አስቀመጣት። እሷም ለመንገደኛው ሁሉ ለውዝ እየዘገነች አደለች፤ በሉላት፣ አብረዋትም ሳቁ። ከዚያ ወደ መስኮቴ መጥታ ለእናቷ የገዛችውን ነጠላ ጫማ አሳየችኝ። እናቷን አውቃቸው ነበር፤ በጀልባው ቀን ሎሚ ይዘው ይመጡ ነበር።

"ጋሼ፣ እማዬን የሚበቃት ይመስልዎታል?"

"ልካቸው ነው፤ ያምርባቸዋል" አልሁ።

ሌላው ዝም ነው ያለ፤ እኔ አፌን ሞልቼ ዋሸሁ። ደወሉን ደወልሁና ጀልባው ሄደ።

በሳምንቱ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ከጀልባው ወርዳ ቀጥታ መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች። አፈርሁ፤ የወደቀ እስክሪብቶ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልሁ። ብጠብቃት ብጠብቃት አልሄድ አለች፤ ቀና አልሁ።

"ሌሎቹስ ሰው መሀል ነበሩ" አለችኝ። "እርስዎ ግን ብቻዎን ነበሩ። አንዲት ቃል ሹክ ቢሉኝ ማን ይሰማ ነበር? እናቴ ሞታ ለውዝ ሳዞር፣ እንደዚያ ስስቅ፣ እንዴት አስቻለዎት?"

"ወጉ ነው፣ ልጄ።"

"ወጉንማ አውቀዋለሁ። እህትዎ ብሆን ይነግሩኝ ነበር?"

"እነግርሽ ነበር" አልኋት።

ያመነችኝ መሰለኝ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ሄደች። አባታችን የሞተ ጊዜ እህቴን ከጎንደር ይዣት የመጣሁ እኔ ነኝ። ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ መንገዱን ሙሉ እያሳቅሁ ነው ያመጣኋት።