ከማኅተሙ ሥር ያለው ስም

ፖስታውን ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ተቀብዬ ስወጣ፣ በር ላይ ትጠብቀኝ የነበረችው እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሽገውታል?» ብላ ነበር። አሽገውታል አልኳት። ተቀብላ ገለበጠችው፤ የተጣበቀውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችና መልሳ ሰጠችኝ። «በውስጥ ኪስህ አድርገው» አለችኝ። ከደብራችን እስከ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ የቀሐን ድልድይ ተሻግሮ አጭር ዳገት መውጣት ብቻ ነው። ያን ዕለት ግን እጄ አርፎ መቀመጥ አልቻለም፤ በየጥቂት እርምጃው ወደ ደረቴ ይሄዳል። ያኔ ፖስታው እንዳይወድቅብኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የምጠብቀው ከራሴ ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ዐረፈ። ዕድሜውን ሙሉ በደብራችን መሪጌታ ሆኖ ዜማ ያስተምር ነበር። ቤታችን የተመዘገበው በእርሱ ስም ስለነበር፣ ካርታው ወደ እናቴ ስም እንዲዞር ሚስቱ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ተጠየቀች። ሁለቱ የተጋቡት በቁርባን ነው፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ያስመዘገቡት ጋብቻ የለም። ስለዚህ ማስረጃ ሊሰጣት የሚችለው ደብሩ ብቻ ነበር፤ በደብሩ መዝገብ ደግሞ ሙሽራም ሆነ ሟች የሚጻፈው በክርስትና ስሙ ነው። በፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት ጎረቤት የሚጠራትን ስምና የክርስትና ስሟን በአንድ መስመር ላይ አጎራብቶ ይዟል።

እናቴ የክርስትና ስሟን ከአባቴና ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእኔም ቢሆን አልነገረችኝም። ያደገችው ወገራ ደጋ ላይ ነው፤ በዚያ ያ ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ አንድ ነገር ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። የእርሷ ምክንያት ግን ይህ አልነበረም። አንድ ጊዜ ስጠይቃት፣ «ያ ስም ሕዝብ ፊት የሚጠራው በፍትሐቴ ዕለት ነው» አለችኝ። «እኔ በእግሬ ቆሜ እየሄድኩ ለምን ይጠራብኛል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ስሙን በልጅነቴ አንድ ጊዜ የሰማሁት ይመስለኛል። ወገራ፣ አያቶቼ ቤት፣ አንዲት ሴት በጠና ታማ ተኝታለች፤ አንድ ቄስ ጸሎት ያደርሱላታል፤ በጸሎቱ መሐል አንድ ስም ይነሣል። ያን ስም እስከ ዛሬ ይዤው እኖራለሁ። የታመመችው እናቴ ትሁን አክስቴ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዳንድ ጊዜ በሽተኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አያታለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እናቴ ከቄሱ ጎን ቆማ «አሜን» ስትል እሰማታለሁ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

ፖስታውን መዝገብ ቤት አስረክቤ ስመለስ ያልገመትኩት አንድ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በቀሐ ወንዝ ዳር ያለውን የሰፈራችንን መስክ፣ ለቅሶ ሲኖር የእድራችንን ድንኳን የምንተክልበት፣ አንድ ጠዋት በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ለማን፣ በምን ውሳኔ እንደ ተሰጠ ብንጠይቅ ፋይሉን የሚያሳየን ጠፋ። ያኔ ተሰብስበን፣ ማናቸውም የቦታና የቤት ዝውውር ከመጽደቁ በፊት ሙሉ ፋይሉ ለተቃውሞ በሰሌዳ ይለጠፍልን ብለን አመለከትን። ማመልከቻውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ «ሙሉ» የምትለውን ቃል ያስገባሁትም እኔው ነኝ። መጀመሪያ የፈረሙት ደግሞ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት፣ ከኮላ ድባ መጥተው በእህል ንግድ የኖሩት ሽማግሌ ናቸው። ተፈቀደልን። መስኩን አላስመለስንም፤ ሰሌዳውን ግን አገኘን። ዛሬም ቢሆን ያን ማመልከቻ እንደገና ጻፍ ብባል እጽፈዋለሁ።

የእናቴ ፋይል ሲለጠፍ ታሽጎ የገባው ወረቀት ይቀራል፣ የሚወጣው የማመልከቻው ገጽ ብቻ ነው ብዬ ነበር። በሳምንቱ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ በክፍለ ከተማው ደጅ ሳልፍ፣ ከሰሌዳው በላይ ካለው የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር የደብራችንን ሐምራዊ ማኅተም ከሩቅ አየሁት። ፋይሉ ገጽ በገጽ በኮላ ተለጥፏል፤ የደብሩ ወረቀት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የቤት ደላላ ስልኩን አንሥቶ ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያነሣል። እንዴት እንደ ደረስኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው መዳፌ ወረቀቱ ላይ ማረፉን ነው።

«ወንድሜ፣ እስቲ እጅህን አንሣልኝ» አለ ደላላው።

«አላነሣም።»

«ሰሌዳው ያንተ ነው?»

«የሁሉም ነው።»

«እንግዲያስ! እኔም ከሁሉም አንዱ ነኝ።»

ከኋላው የቆመች ሴት ሳቀች። «ተወው፣ ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፎ ነው» አለችው።

ደላላው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ እኔ ግን እጄን ማንሣት ፈራሁ። ወረቀት ለሕዝብ ይገለጥ ብዬ ስሟገት የከረምኩ ሰው፣ አንዲት መስመር በመዳፌ ከድኜ በአደባባይ ቆምኩ። ያወቁኝ ሰዎች ሰላም ሲሉኝ በሌላው እጄ እጨብጣለሁ። በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች።

«እንዴ መምህር! ሁሉም ይለጠፍ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«ነን። ይህች መስመር ግን ቤቱን አትመለከትም።»

«ዛሬ ላንተ አንዲት መስመር ብሸፍን ነገ ሌላው ገጹን በሙሉ ሸፍኝልኝ ይለኛል። ያኔ ደግሞ አንተው ትከሰኛለህ።»

ትክክል ነበረች፤ ቢሆንም እጄን አላነሣሁም። ገብታ ኃላፊዋን አማክራ ስትመለስ ቁራጭ ወረቀትና ኮላ ይዛ ነበር። በመስመሩ ላይ ለጠፈችው፤ ማንም እንዳይገልጠው ጠርዙ ላይ ማኅተም መታችበት። ከሥሩም የተሸፈነው የግል ጉዳይ መሆኑን፣ የቤቱን መብት እንደማይመለከትና ኃላፊው እንዳዩት ጻፈች።

ሳላነብ ሸፍኜዋለሁ ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ነገር ግን ዓይን ፈቃድ አይጠይቅም፤ መዳፌ እስኪደርስ ድረስ ወረቀቱ ከፊቴ ነበር። ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ተገላብጬ ከወገራ ያመጣሁትን ስም ስፈልገው ከጎኑ ሌላ ስም አገኘሁ። ከሰሌዳው ያነበብኩት ይሁን ጭንቀቴ የፈጠረው እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ነገሩ ተዘጋ ስል ተቃውሞ ቀረበ። ተቃዋሚው ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሽማግሌ ነበሩ። በንዴት በግቢው ወዲያና ወዲህ ስመላለስ፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያንቆራጥጥህ? ልክ ናቸው።»

«እንዴት ልክ ይሆናሉ?»

«የተሸፈነ ነገር አዩ፤ ጠየቁ። እኔስ ብሆን አልጠይቅም?»

እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጸሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

«አያ፣ እንዴት በእናቴ ላይ?» አልኳቸው።

«በእናትህ ላይ ምን አለኝ? በወረቀቱ ላይ ነው እንጂ። መስኩ የታጠረ ለት ምን ብለህ ነበር ያስፈረምኸን? የተሸፈነ ወረቀት አንቀበልም አላልህም?»

«ይሄኛው ሌላ ነው።»

«ያ መስኩን የወሰደውም ‹ይሄ ሌላ ነው› ነበር የሚለው። ታዲያ ምንድን ነው ከሥሩ?»

የክርስትና ስም ነው ብላቸው ያበቃ ነበር። ነገር ግን እናቴ ስለዚያ መስመር ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብላኛለች። «ሊነገር የማይገባ ነገር ነው» አልኳቸው፤ ከአፌ እንደ ወጣ ነገሩን እንዳባስኩት ገባኝ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው እየተነሡ፣ «እንግዲያው ቢሮ እንገናኝ» አሉኝ።

ተቃውሞው የሚታይበት ቀን እናቴን «ቤቱ ቢቀርስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ከአባቴ ጋር ብዙ ዓመት የኖረችበት፣ እኔም የተወለድኩበት ቤት ነው። «ስሜን ከሚያነቡት ቤቱ ይቅር» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ግን ለምን ይቀራል? የሚያውቀው አንድ ሰው ከሆነ እችለዋለሁ። የማልችለው ሰሌዳውን ነው።» ያሰበችውን የተረዳሁት ቢሮው ከገባን በኋላ ነው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ተቃዋሚው የተሸፈነውን ማየት እንደሚፈልጉ አነበበች። እናቴ ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች።

«አያ፣ ከዚያ ማኅተም ሥር ያለው የክርስትና ስሜ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ እርሷ። «የክርስትና ስም?»

«አዎ። ጠይቀዋልና መልስ ይገባዎታል። ከወረቀት ግን አያነቡትም። ጆሮዎን ያምጡ፣ እኔው እነግርዎታለሁ።»

«ምነው እታለም! ምን አጠፋሁ?» ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲገፋ ወለሉ ጮኸ። «እኔ ሌላ ወራሽ የደበቃችሁ መስሎኝ ነው። መሪጌታ ሌላ ሚስት የነበረው መስሎኝ ነው!»

«መሪጌታ? ሌላ ሚስት?» እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ለእኔስ መቼ ጊዜ ነበረው! ይቅረቡ እንጂ አያ።»

«አልቀርብም።»

«ሰምተው ነው የሚረኩት።»

«ልስማውና ምን ላድርገው? ያ ስም እኮ ከሰሙት በኋላ ዝም ተብሎ አይቀመጥም፤ በጸሎት ማንሣት ሊኖርብኝ ነው። እኔ የሙታኔን ስም እንኳ አስታውሼ አልጨርስ።» ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። ጻፊልኝ።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹ተመልክቶ ረክቷል› በይ።»

«አባባ፣ አልተመለከቱማ። ውሸት ልጽፍ ነው?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ‹ሳይመለከት ረክቷል› በይ።»

በፋይሉ ላይ እንደዚያው ተጽፏል። ሽማግሌው ፈረሙ፤ ለመነሣት ሲቸገሩ እናቴ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። ሲወጡ በትከሻዬ ላይ ከዘራቸውን አሳርፈው፣ «አንተ ግን አንዲት ቃል ብትነግረኝ እኮ ይሄን ሁሉ ዳገት አልወጣም ነበር» አሉኝ።

ካርታው በእናቴ ስም የወጣ ቀን ተቀብለነው በእግራችን ተመለስን። የቀሐ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆመች። ደክሟት መስሎኝ ክንዴን ሰጠኋት፤ አልያዘችውም።

«አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«እጅህን ከማሳረፍህ በፊት አይተኸዋል?»

ስንት ቀን ስፈራው የነበረ ጥያቄ ነው። አላየሁም ብላት ታምነኛለች። «አላውቅም» አልኳት።

«ማየትና አለማየት እንዴት አይታወቅም?»

ስለ ወገራው ሕመም፣ ስለ ቄሱ ጸሎት፣ ከዚያ ስላመጣሁት ስምና በኋላ አጠገቡ ስላገኘሁት ሌላ ስም ነገርኳት። የታመመችው እርሷ ትሁን አክስቴ ብዬም ጠየቅኋት። እርሷ ግን ጥያቄዬን አልፋ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ለዚህ ነው?» አለች።

«እማዬ፣ ሁለቱንም ልንገርሽና ይሄኛው ነው በይኝ። ወይም ሁለቱም አይደሉም በይኝ። ከዚያ አርፋለሁ።»

አፌን ስከፍት መዳፏን አሳረፈችበት። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን፤ ሹፌሩ ዞር ብሎ አየን። ምን እንደመሰልነው አላውቅም፤ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ አፉን በእናቱ እጅ ተይዞ ድልድይ ላይ ቆሟል። እርሷ አልቸኮለችም። የምናገረው እንደሌለ እስክታረጋግጥ ድረስ ያዘችኝ፤ ከዚያ ለቀቀችኝና ካርታውን በብብቷ ይዛ ወደ ቤታችን አቀናች። ሁለቱን ስሞች እንደያዝኩ ከኋላዋ ተከተልኳት።